ሳይቀመስ የቀረው ውሃ

አሰላሙ ዓለይኩም አባዬ፤

የሰፈራችን ሸኽ ሰላምታ ለሙታንም ይደርሳል ብለውናል። ስለዚህ ከሰላምታ ጀመርኩ። ደብዳቤስ ይደርስ እንደሆነ ግን አልጠየቅኳቸውም፤ አይደርስም ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ። ከተለየኸን ዛሬ ሃምሳ ሦስት ቀን ሆነ። ጳጉሜ ገብታለች። ደጋው ሁሉ ዝናቡን ጨርሶ አበባ ሊያይ ነው፤ የእኛ አሰብ ያው አሰብ ናት፣ ግድግዳው እንኳ ላብ ያልበዋል። ዩኒቨርሲቲው ሊከፈት ቀርቧል። እኔ ግን ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር አላወጣሁም።

እማዬ «አባትሽን አንቱ በይው እንጂ፣ ምን ጉድ ነው» እያለች ስትቆጣኝ፣ አንተ «አንቱታው ለጎረቤት ይሁን፣ እኔ ለልጄ አንተ ነኝ» ብለህ አስጣልከኝ። ስለዚህ አሁንም አንተ እልሃለሁ። ከሞትክ በኋላ አንቱ ብልህ ይበልጥ የምትርቀኝ ይመስለኛል።

እስቲ የቤቱን ልንገርህ። ሰማያዊ ቱታህ አሁንም በረንዳው ላይ፣ ያው ሚስማሩ ላይ ነው። እማዬ ሁለት ጊዜ አጥባዋለች፣ የግሪሱ ሽታ ግን እምቢ አለ። ደረት ኪሱ ውስጥ የተውካትን ካቻቪቴ አላወጣቻትም፤ ስታጥብ ታወጣታለች፣ ሲደርቅ መልሳ ትከታታለች። ከወደቡ ጥገና ክፍል ጓደኞችህ በየጁምዓው ብቅ ይላሉ። ይቀመጣሉ፣ ስላንተ አንድ ሁለት ቀልድ ያነሳሉ፣ ከዚያ ሁሉም ጫማውን ያያል። ቬንትሌተሩ ከቀብርህ በሳምንቱ ቆመ። ፈትተን እንየው ቢሏት እማዬ «እሱ ነው የሚያውቀው፣ አትንኩት» አለች። ጠዋት ጠዋት አሁንም ሁለት ብርጭቆ ሻይ ትቀዳለች። አንዱን ትጠጣለች፣ ሌላው ተቀምጦ ይቀዘቅዛል። ይቀዘቅዛል ማለቴ ልማድ ነው፣ በአሰብ ሻይ መች ይቀዘቅዛል።

የቤት ወሬ ለማውራት ብቻ ግን አይደለም የምጽፍልህ። አባዬ፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ነገ ከቀትር በፊት በቀበሌው አዳራሽ፣ እማዬ ባለችበት፣ በሰው ሁሉ ፊት መናገር አለብኝ። ከዚያ በፊት አንተ ስማው።

ነገሩ የሚጀምረው ከክበቡ ነው። አዲስ አበባ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የክበቦች ስም ተለጥፎ ነበር፤ ኪነት፣ ስፖርት፣ የውይይት ክበብ፣ እታች ደግሞ የተማሪዎች የጤና አገልግሎት ክበብ። ሐሳቤ ሕክምና መግባት እንደሆነ ታውቃለህ። ግን ጥናቴን ይሻማብኝ ይሆን ብዬ ፈራሁና ጻፍኩልህ። መልስህ በሹፌር ጓደኛህ እጅ መጣ፣ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ የአውራ ጣትህ የግሪስ አሻራ ነበረበት። «ልጄ፣ ሞተር በመጽሐፍ ብቻ አይታወቅም፣ እጅ ከተው ነው። ሰውም እንዲያው ሳይሆን አይቀርም። ግቢ» ነበር ያልከው። ገባሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቁስል ማጠብና ማሸግ፣ የተሰበረ ማሰር፣ ራሱን የሳተ ሰው ማንሳት እንማር ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል እየሄድን፣ ከገጠር መጥተው ካርድ ክፍሉ የት እንደሆነ ለጠፋቸው መንገድ እናሳይ ነበር፤ መጻፍ ለማይችሉት ወደ ቤተሰቦቻቸው ደብዳቤ እንጽፍላቸው ነበር። ደም የሚሰጥ ሰው ሲመጣ አጠገቡ ተቀምጠን ወሬ እናጫውተዋለን። ኬሚስትሪው በአፍንጫዬ ሲወጣ፣ ቅዳሜ መች ደርሶ እያልኩ ነበር የምውለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሰው አንድ ነገር እንደማውቅ ተሰማኝ። ይህን ሁሉ እጽፍልህ ነበር፤ አንተም ደብዳቤዬን ጥገና ክፍል ወስደህ ለሠራተኛው ሁሉ ታነበው እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ያቺን የፋሻ ነገርስ ታስታውሳለህ? አምና ለእረፍት ስመጣ ተለማመጂብኝ ብለህ ጭንቅላትህን ሰጠኸኝ። ከግንባርህ እስከ አገጭህ ጠቅልዬህ ስጨርስ፣ ጭራሽ እንዲያው እንደታሸግክ ሲጋራ ልግዛ ብለህ ወጣህ። ሰፈሩ ተሸበረ። ጎረቤታችን ለተ በትግርኛ እየጮኸች መጣች፣ እማዬ እጆቿን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ወጣች፣ አንተ ደግሞ ሱቁ በር ላይ ቆመህ «ዶክተሬ ናት እንዲህ ያደረገችኝ» እያልክ ትስቃለህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ዶክተሬ ሆኖ ቀረ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው አባዬ።

ዘንድሮ ክበቡ ተማሪዎችን ለክረምት እረፍታቸው ወደየክፍለ ሀገሩ ልኮ ሊያሠራ ወሰነ። ወደ አሰብ አራት ሆነን መጣን፤ ሦስቱ የደጋ ልጆች ናቸው፣ ባሕር አይተው አያውቁም፣ እኔ የአገሩ ልጅ። ሥራችን አንድ ነበር፤ ተቅማጥ የያዘው ሰው፣ በተለይ ሕፃን፣ ውሃው አልቆ እንዳይሞት እናቶችን ማስተማር። ተፈልቶ የቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ፣ አንድ እፍኝ ስኳር፣ ሦስት ጣት የቆነጠረው ጨው። መበጥበጥ። ከዚያ መቅመስ፤ ከእንባ በላይ ጨዋማ ከሆነ መድፋትና እንደገና መሥራት። ከዚያ ማጠጣት። በቃ፣ ይኸው ነው። ደብተሬ ላይ ተራ በተራ ጽፌዋለሁ።

ረመዳን በክረምቱ መሃል ገባ። የመጀመሪያው ትምህርት የእኛው ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነበር፣ አንተም ታስታውሰዋለህ። እማዬ የዒድ ሻሿን አስራ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንተ ከሥራ ሹልክ ብለህ መጥተህ፣ የሴቶች ስብሰባ ነው ብለው ስለከለከሉህ መስኮቱ ጋ ቆምክ። ቱታህን አየሁትና ቀና ብዬ ቆምኩ። ከጤና ጽሕፈት ቤት ባመጣነው ጥሩ ውሃ በጥብጬ አሳየሁ። መቅመስ የሚለው ጋ ስደርስ አንዲት ትልቅ ሴት ከኋላ «ልጄ፣ በረመዳን በጠራራ ፀሐይ ቅመሱ ትይናለሽ? ማታ ስታፈጥሪ አንቺው ቅመሽልን» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ጾመኛ ነኝ፣ ፊቴ ቀላ፣ አፈርኩ። ያኔ ምን እንዳልኩ ሰምተሃል። «እሺ፣ ቅመሱ የሚለውን ተዉት፣ ልኩን ከጠበቃችሁ መቅመስ አያስፈልግም» አልኩ።

ሴቶቹ አጨበጨቡ። አንተም መስኮቱ ላይ አጨበጨብክ። ቤት ስገባ ደብተሬን አውጥቼ ያቺን መስመር በስክሪብቶ ሰረዝኳት፣ ሌላ ጊዜ ሳቅ እንዳታመጣብኝ። በይሉል ወደምትባለው የባሕር ዳር መንደር ስንሄድም ሳልናገራት አለፍኩ። ጓደኞቼ የአገሩን ልማድ አንቺ ታውቂያለሽ ብለው እኔን ተከተሉ።

ወደ ሌላዋ መንደር፣ ወደ ራሔይታ የሄድንበትን ጠዋት ስንት ጊዜ መልሼ እንዳየሁት አትጠይቀኝ። ቦርሳዬን ይዘህ እስከ መኪናው ሸኘኸኝ። ከንፈርህ ደርቆ ነበር፣ ዓይንህም ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። እኔ፣ ይህንኑ ምልክት ለሰው የማስተምረው እኔ፣ አየሁት። ግን ረመዳን ነው፣ የማን ከንፈር ያልደረቀ አለ? ጾሙ ነው አልኩ። ከስሑሩ፣ ከሌሊቱ ማዕድ ጀምሮ ሆድህ ሲረብሽህ እንዳነጋና አራት ጊዜ እንደተመላለስክ፣ እማዬንም «ልጅቷ እንዳትቀር፣ ዝም በይ» እንዳልካት የሰማሁት ከቀብርህ በኋላ ነው። እጄን ጨብጠህ «ዶክተሬ፣ ሰው ሁሉ ካንቺ ይጠብቃል፣ ሂጂ» አልከኝ። ሄድኩ።

ራሔይታ አምስት ቀን ቆየን። ሴቶቹ በዳስ ጥላ ሥር ተሰብስበው ሰሙኝ፣ አንድ የአፋር አስተማሪ እየተረጎመልኝ። ሐዋ የምትባል እናት እጄን ይዛ አልለቅ አለች፤ ሁለት ልጆች በተቅማጥ ሞተውባታል፣ ሦስተኛው ጀርባዋ ላይ ነበር። ስንነሳ ለአባትሽ ብላ የደረቀ ዓሣ በሰሌን ጠቅልላ ሰጠችኝ። መኪናው ላይ እስከ አሰብ ድረስ እየዘፈንን ነው የመጣነው። ዓሣውን ታቅፌ ዘልዬ ወረድኩ። በራችን ላይ ድንኳን አየሁ።

ከቀበሩህ ሁለት ቀን ሆኖ ነበር። መልእክት ሊልኩልኝ ሞክረው ነበር፣ ግን ወደዚያ የሚሄድ መኪና አልተገኘም። የደረቀውን ዓሣ ማን ከእጄ እንደወሰደው አላውቅም።

እማዬ አቅፋኝ እያለቀሰች የነገረችኝ ይህን ነው። ልክ እንዳስተማርሽኝ አደረግሁ አለች። ሲብስብህ ጾምህን አቋረጥክ፣ እሷ ወዲያው ውሃ አፈላች፣ አቀዘቀዘች፣ ስኳሩን በእፍኟ፣ ጨውን በሦስት ጣቷ። ጠብታ አላስቀረህም አለች። ጥሙ እየባሰብህ ሲሄድ ሌላ በጠበጠች፣ ሌላ፣ ሌላ። እሷ ጾመኛ ናት፤ እንዴት ነው ጣዕሙ ብላ ስትጠይቅህ «ማር ነው፣ የልጄ እጅ አለበት» ትላት ነበር። በሦስተኛው ቀን መቃዠት ጀመርክ። ጤና ጣቢያ አደረሱህ፣ ከቀትር በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳለፈ ግን አለቀ። የጤና ረዳቱ «ኩላሊቱ ደከም ያለ ነበር፣ ዕድሜውም፣ ሙቀቱም» አላቸው።

አንድ የማያምር ነገር ልንገርህ። ይህን ስሰማ፣ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል ኮራሁ። እኔ ባልኖር ትምህርቴ አጠገቡ ነበር አልኩ። በዚያች ሐሳብ ሰነበትኩ። እሷን ይዤ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ዒድ ካለፈ በኋላ የለተን ትንሽ ልጅ ተቅማጥ ያዛት። እማዬ ሐዘኗን ረስታ ተነሳች፣ እኔ አውቃለሁ ብላ ገብታ በጠበጠች፣ ጠርሙሱንም ይዛ ወጣች። እኔ እንዲያው በክበቡ ልማድ፣ ጾሙም ስላለፈ፣ በማንኪያ ቀዳሁና ቀመስኩ።

ባሕር ነው አባዬ። የወደቡ ውሃ ነው።

ከየት ቀዳሽው አልኳት። ከበርሜሉ፣ አለችኝ። ጥሩውን ውሃ የሚያመጣው ቦቴ ሳምንት ሙሉ አልመጣም፣ ጀሪካኑ ባዶ ነው፣ የጉድጓዱን ውሃ ግን በደንብ አፍልቼዋለሁ፣ አታስቢ አለችኝ። ለአባዬም ከዚሁ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ድስቱን እያጠበች «እንግዲያስ ከየት?» አለች። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

በዚህ ውሃ ነው ያደግሁት። ሳሙና አረፋ የማያወጣበት፣ ፀጉር የሚያደርቅ፣ ለልብስና ለወለል ብለን በርሜል ውስጥ የምናስቀምጠው። ጨው በራሱ ያለበት ውሃ ነው፣ ስታፈላው ደግሞ ይብሳል። በዚያ ላይ ሦስት ጣት ጨው ጨምሩ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከደጋ የመጡት ልጆች ይህን አያውቁም፤ አገራቸው ምንጩ ሁሉ ይጠጣል። እኔ ግን አውቃለሁ። የአዋቂ አጥፊ የሚባለው እኔ ነኝ። ስኳር በቀበሌ ኩፖን በሚታደልበት፣ ጨው ግን እንደ አፈር በተከመረበት አገር፣ ጨዉን ተጠንቀቁ ማለት ይቀድም ነበር። የተሰረዘችው መስመር ይኸው ነበር ሥራዋ። አንዲት ጉንጭ፣ አንድ ጊዜ በምላስ ጫፍ፣ በቃ።

ዝንብ ገብቶበታል ብዬ ዋሸሁና ደፋሁት። ከጤና ጽሕፈት ቤት ጥሩ ውሃ ለምኜ ሌላ ሠራሁ። የለተ ልጅ ዳነች። አሁን በሩ ላይ ስትሮጥ ሳያት ደስ ሊለኝ ሲገባ ፊቴን አዞራለሁ።

በማግስቱ ሸኹ ጋ ሄጄ፣ ለሌላ ሰው አስመስዬ ጠየቅኳቸው። ሳቅ ብለው፣ ለችግር ከሆነ በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ጾም አያፈርስም፣ ሴቶች ወጥ ሲሠሩም ያደርጉታል አሉኝ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ብጠይቅ ኖሮ። እኚያ አሮጊት ሲስቁብኝ ሳቁን ችዬ ቆይ ልጠይቅ ብል ኖሮ። ለአንድ ደቂቃ እፍረት አንተን ሰጠሁ።

በሽታው ይሁን ውሃው የገደለህ አላውቅም። ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ይኸው ነው የሚያሳብደኝ። እጄ ላይ ደም አለ ብዬ እንዳልቀመጥ ማስረጃ የለኝም፣ የለም ብዬ እንዳልተኛ ያ ጣዕም አለ።

ወር ሙሉ ደበቅሁት። ታዲያ እማዬ ምን እንደምታደርግ ታውቃለህ? ታስተምራለች። በየቤቱ እየሄደች፣ የልጄ መድኃኒት ነው፣ ባሌን ሦስት ቀን ያቆየልኝ ይኸው ነው ትላለች። ሌላ መጽናኛ የላትም። ሴቶቹም ያምኗታል፣ ሐዘንተኛ አይዋሽም። ሐዋም በጉድጓድ ውሃ፣ ለዚያ ለሦስተኛው ልጇ ትበጠብጣለች። ዝም ብል አንድ ቀን የአንዷ ልጅ ይሞታል። ብናገር ደግሞ እማዬ በገዛ እጇ ምን እንዳጠጣችህ ታውቃለች። እናቴን ከምገድል የሰው ልጅ ይሙት ብዬ ያሰብኩበት ቀን አለ አባዬ። እንዲህ ያለች ልጅ ነው ያሳደግከው።

ሹፌሮቹ የሞተሩን ድምፅ ደብቀው መኪና ሲያስረክቡህ ምን እንደምትላቸው ትዝ አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ትላቸው ነበር። ትናንት ሄጄ ለሴቶች ማኅበሯ ሊቀመንበር የማርመው ትምህርት አለ አልኳት። ነገ ጠዋት ጥሪ ይደረጋል። እዚህ ላይ ላቁም፣ እጄ ደከመ።

* * *

አባዬ፣ ተመልሻለሁ። ይህን የምጽፍልህ በሦስተኛው ቀን ነው። ነገሩ ሆነ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እማዬ ያው ፊት ወንበር ላይ፣ አሁን ጥቁር ሻሽ አስራ። መስኮቱን አላየሁም፤ ላየው አልደፈርኩም። ሁለት ውሃ ይዤ ሄድኩ፣ አንዱ ከቦቴው አንዱ ከጉድጓዱ። ያስተማርኳችሁ ጎደሎ ነው አልኩ። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ጨው ጠብ እንዳታደርጉበት፣ የትኛውም ይሁን ሳትቀምሱ ለማንም አታጠጡ፣ ከእንባ ከበለጠ ድፉት፣ ጾመኛም ብትሆኑ ቅመሱና ትፉ፣ ሸኹም ፈቅደዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቅመሱ የሚለውን አፍሬ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ስምህን አላነሳሁም። እኚያ ትልቅ ሴት ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ሌሎቹ እየተነሱ ሁለቱን ውሃ ቀመሱ፣ የጉድጓዱን ሲቀምሱ ፊታቸው ሲኮሳተር አየሁ።

እማዬ አልቀመሰችም። ጣቶቿን እያየች ነበር፣ ሦስቱን ጣቶቿን፣ ጨው እንደሚቆነጥር ሰው አጋጥማ።

ከእኔ ቀድማ ቤት ደረሰች። ገብታ ከበርሜሉ ቀዳች። አፈላች። እስኪቀዘቅዝ ድረስ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች፣ እኔም በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። አንድ እፍኝ ስኳር። ሦስት ጣት ጨው። በጠበጠች። አንተ በጠጣህበት ብርጭቆ ቀድታ አንድ ጊዜ ተጎነጨች። ዋጠችው። ከዚያ ብርጭቆውን መሬት ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና «ማር ነው አለኝ እኮ» አለች።

አልቆጣችኝም፣ አልረገመችኝም፣ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ተጠግቼ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ፣ እጇን ራሴ ላይ አላደረገችም፣ አላራቀችኝምም። በማግስቱ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ቀዳች።

አሁን አንተን ልጠይቅህ፣ ከደፈርኩ አይቀር። ለምን ዋሸህ? ወጥ ላይ ጨው ትንሽ ሲበዛ እኮ ሰፈሩ እስኪሰማ ትጮህ ነበር፤ «ሴትዮ፣ ባሕሩን ገልብጠሽዋል እንዴ» እያልክ። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ድምፅህ የት ገባ? የልጄ ትምህርት ነው፣ አይነቀፍም ብለህ ነው? መድኃኒት እንዲህ ነው የሚቀምሰው ብለህ ነው? ወይስ በመስኮቱ ያጨበጨብክላትን ልጅ ላለማሳፈር? ሁለት ቃል ነበረች፣ ጨው በዝቷል። እሷን ብትል እማዬ ትደፋው ነበር። አምርሬብሃለሁ አባዬ። በአንተ መናደድ ኃጢአት ከሆነ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ግን ተናድጃለሁ፣ ደግሞ ተነስቼ ቱታህን አሸትታለሁ።

ክበቡ የክረምት ሥራ ሪፖርት ቅጽ ልኮልኛል። የተሠራበት ቦታ፣ የተሰጠ ትምህርት፣ ያጋጠመ ችግር ይላል። ችግር የሚለው ቦታ ሁለት መስመር ነው። «በአሰብና በአካባቢው የጉድጓዱ ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ጨው አይጨመርበት፤ በጾም ወራትም ቢሆን መቅመስ ከትምህርቱ አይቀነስ» ብዬ ሞላሁት። ያንተ ስም የሚገባበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም። ከሥር ላይ ፈርሜ አሸግሁት።

ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት እሄድ እንደሆነ አትጠይቀኝ፣ አላውቅም። ዶክተሬ ብሎ የሚጠራኝ ሰው የለም፣ ቢኖርም አቤት የምል አይመስለኝም። ከዚያ በፊት ግን በይሉል እሄዳለሁ፣ ከዚያ ራሔይታ። የመንቀሳቀሻ ወረቀት ከቀበሌው አውጥቻለሁ። ሐዋን ፈልጌ፣ ያ ልጅ ጀርባዋ ላይ እንዳለ ማየት አለብኝ። ባይኖርስ? ሞቷል ብባል ምን እመልሳለሁ? ይህንን ሐሳብ ይዤ ነው የምሄደው፣ አንተም ሞተሩ ሳይነሳ ምኑ እንደተበላሸ አይታወቅም ትል ነበርና።

እንዳልረሳህ ቃል ግቢ ብትለኝ፣ መግባቱም አያስፈልገኝም ነበር። ከእንግዲህ ለማንም ሰው የማጠጣውን ቀምሼ ነው የማጠጣው፣ ጨው ምላሴን በነካ ቁጥርም አንተን አስታውሳለሁ። አሰብ ውስጥ ደግሞ አባዬ፣ ጨው የሌለበት ነገር የለም።

ልጅህ ሰዓዳ